41 ካሴትና ሁለት ዓይነት ድንጋይ

ጥቅምት 3፣ 2017፦ ቆጠራ

እማዬ ከእኛ ጋር ልትኖር ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትመጣ ይዛ የመጣችው ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ ሻንጣ፣ ጀበናዋ፣ አንድ የብስኩት ካርቶን። ካርቶኑን አልጋ ሥር ልከተው ብዬ ሳነሳው ከበደኝ። ካሴት ነው፤ እስከ አፉ።

ቆጠርኳቸው፣ 41 ናቸው። ካሴት የሚያጫውት ቴፕ ከቤታችን ከጠፋ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ ፋይል ልገለብጣቸው ነው። ይህን ማስታወሻ የምይዘው የትኛውን ብሎን ወዴት እንዳዞርኩ ቶሎ ስለምረሳ ነው። ሌላ ሰው ከጠቀመም እሰየው።

ላያቸው ላይ በተጻፈው ብቻ ለየኋቸው። 26 የሙዚቃ፣ 9 ከሬዲዮ የተቀዱ፣ 6 የቤተሰብ ድምፅ። ከስድስቱ ሁለቱ አክስቴ ከጅዳ በሰው እጅ የላከቻቸው የድምፅ ደብዳቤዎች ናቸው። አንዱ የእማዬና የአባዬ ሠርግ ነው። አንዱ እኔ ፊደል ስቆጥር። አንዱ ምንም አልተጻፈበትም። የመጨረሻው ላይ በአጎቴ እጅ "አባባ፣ መጋቢት 1981" ይላል። አባባ የእማዬ አባት ነው። ያረፈው የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ድምፁን አላውቀውም።

ሙዚቃዎቹ አያስቸኩሉም፣ አብዛኞቹ ዛሬ ስልክ ላይ አሉ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ካሴት ጀርባው ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ ከተሰበረ ቴፑ አይቀዳበትም። ከሱቅ የሚገዛ የሙዚቃ ካሴት ጥርሱ ወልቆ ነው የሚመጣው። እኛ ቤት ግን ቀዳዳው ላይ ወረቀት እየተጠቀጠቀ ይቀዳበት ነበር። ከ26ቱ አራቱ ተጠቅጥቀዋል። እነሱን ወደ ቤተሰብ ክምር አዛወርኩ።

የቤተሰቦቹን ጥርስ ደግሞ ዛሬውኑ ሰበርኩ፣ ወረቀቱንም ነቀልኩ። ጣቴ ስቶ የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን የአባባ ድምፅ በአሥር ሰከንድ ይጠፋል።

ጥቅምት 8፦ የመጀመሪያው ስህተት፣ 2,800 ብር

ካሴት በዩኤስቢ የምትገለብጥ ትንሽ ዕቃ ገዛሁ። የድሮዋን ዎክማን ታክላለች። ካሴቱን ትጎርሳለች፣ ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች፣ አለቀ። ማሸጊያዋ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።

አንድ የሙዚቃ ካሴት ለሙከራ አስገባሁ። ማሲንቆው የሰከረ ይመስላል። ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይዋልላል። ፈታኋት። ሞተሯ የልጆች መጫወቻ መኪና ሞተር ነው። የካሴቱን ክር ከሚስበው ቀጭን ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞረው መዘውር ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ያ መዘውር ከባድ ብረት መሆን ነበረበት፤ ፍጥነቱን እኩል አድርጎ የሚይዘው ክብደቱ ነውና። ልመልሳት ወሰድኳት። ሻጩ ሰካት፣ ሰማ፣ "ይኸው ትዘፍናለች አይደል?" አለኝ። አዎ፣ ትዘፍናለች።

ጥቅምት 16፦ ምናለሽ ተራ

ቅዳሜ በጠዋት በታክሲ መርካቶ ገባሁ። ምናለሽ ተራ አሮጌ የጃፓን ቴፕ ቁልል አለ። ሳነሳው የሚከብድ፣ ጀርባው ላይ ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ ያለው ፈለግኩ። ከባድ ከሆነ ውስጡ ብረት ነው፤ ሌላ መመዘኛ አላውቅም ነበር። ሻጩ 9,000 ጠራ፣ 4,500 ተስማማን። "ይሠራል?" ስለው "መብራቱ ይበራል" አለኝ።

ቤት ገብቼ ስሰካው እውነትም መብራቱ በራ። ካሴቱ ግን አይዞርም። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁት። ቺንጊያው ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል። ላስቲክ ሲያረጅ አንዳንዱ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱ እንዲህ ይሟሟል። ሬንጁ ከጣቴ ወደ ሸሚዜ፣ ከሸሚዜ ወደ ሶፋው ሄደ። ባለቤቴ ስለ ሶፋው የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም።

ሬንጁን ለመጥረግ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘር ነበረኝ፤ አልኮል አልኮል ነው ብዬ። ሄዱንም፣ ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በዚያው ጠረግኩ። ደረቀ ስል ሄዱ ሙጫ የተቀባ መሰለ። ጠርሙሱን ሳነብ ግሊሰሪን አለበት። ግሊሰሪን ለእጅ ቆዳ ነው፣ ለሄድ አይደለም። ካሴት አስገብቼበት ቢሆን ክሩ ይጣበቅ ነበር። ከሞባይል ጠጋኝ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በ450 ብር ገዛሁና በጆሮ ማጽጃ ጥጥ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ክሩን ዘንጉ ላይ የምትጫነውን ጥቁር ጎማ ግን በለዘብተኛ ሳሙናና በውሃ ነው ያጠብኳት። አልኮል ሲደጋገም ጎማ ያደርቃል።

ጥቅምት 24፦ ሦስት ቺንጊያ

ልኩን የጠበቀ ቺንጊያ አጣሁ። መጀመሪያ የልጄን የፀጉር ላስቲክ ሞከርኩ። ዞረ! ግን በየዙሩ ስፌቱ ዘንጉ ላይ ሲያልፍ ዘፋኙ ስቅ ይለዋል። ቀጥሎ ከብስክሌት ከመነዳሪ በመቀስ ቀጭን ቀለበት ቆረጥኩ። በዓይን እኩል ይመስላል፣ በጆሮ ግን አይደለም። አንዱ ጎኑ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከወፈረ ይሰማል።

በመጨረሻ እንደገና መርካቶ። አንድ አዛውንት ቴፕ ጠጋኝ ከጠረጴዛቸው ሥር በፌስታል የተቋጠረ ቺንጊያ አወጡ፤ መቶ ይሆናል። ልኩን በክር ለክቼ ይዤ ነበር። "ከክሩ ትንሽ ያጠረ ነው የምትወስደው" አሉኝ፣ "ካልተወጠረ ይንሸራተታል፤ በጣም ከተወጠረ ሞተሩን ያደክመዋል።" ከክሬ በመቶ አምስት ያህል የሚያጥር መረጡልኝ። አንዱ 150፣ ሁለት ወሰድኩ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ።

ማሲንቆው ዳነ።

ኅዳር 2፦ ሄዱና "ሰ"

ድምፁ አይዋልልም፤ ግን ታፍኗል። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ዓይነት። ሄዱ ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ አዘንብሏል። ክሩ ላይ የተቀዳው ድምፅ በአንድ ማዕዘን ነው የተጻፈው፤ የሚያነበው ሄድ ከዚያ ማዕዘን ከሳተ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ከሄዱ ጎን ትንሽ ብሎን አለች፣ ስፕሪንግ ያለባት። ካሴቱ እየተጫወተ እሷን በካቻቢቴ ቀስ ብሎ ማዞር ነው።

መሣሪያዬ ጆሮዬ ነው። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ደርቤ "ሰ" እና "ጸ" የሚበዛበት ንግግር እሰማለሁ። ልክ ቦታው ላይ ስትደርስ "ሰ" ትከፈታለች። ሩብ ዙር ስታልፍ ትዘጋለች።

ያልጠበቅኩት ነገር ይህ ማዕዘን በየካሴቱ መለያየቱ ነው። እያንዳንዱ የተቀዳበት ቴፕ የራሱ ማዘንበል አለው። ስለዚህ ብሎኗን አንዴ አስተካክሎ መርሳት የለም፤ ለእያንዳንዱ ካሴት፣ አንዳንዴም ለእያንዳንዱ ጎን መመለስ አለብኝ። የቴፑን ክዳን መዝጋት ትቻለሁ።

ኅዳር 10፦ ፍጥነት

ይህን ዝም ብዬ ልዘለው ነበር፤ ባለመዝለሌ ደስ ብሎኛል። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ካሴትን ካወጣው ጀምሮ ፍጥነቱ አንድ ነው፣ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር። የኔ ቴፕ በዚህ ፍጥነት ይሄዳል ወይ? ለዚህ የተሠራ የመፈተሻ ካሴት አለ፣ እኔ ግን የለኝም።

ሜትር አለኝ። የማልፈልገው ካሴት ላይ ወጥ የሆነ የ"ሽሽሽ" ድምፅ ቀዳሁበት። ከዚያ ክሩን ሳልጎትት አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ዘረጋሁት። 4 ሜትር ከ76 ሴንቲ ለካሁ። ሁለቱን ጫፎች ከተሰበረ ስፒከር ባወጣሁት ማግኔት ነካ ነካ አደረግኳቸው። ማግኔት የነካው ቦታ ድምፁ ይጠፋል። ክሩን በቢክ እስክሪብቶ መልሼ አጠነጠንኩት። (ልጄ ይህን ስታይ የሳቀችው ሳቅ! እስክሪብቶና ካሴት ምን አገናኛቸው?)

አሁን ካሴቱ ሲጫወት በሁለቱ ዝምታዎች መካከል ልክ 100 ሰከንድ መሆን አለበት። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ስለካው 97.1 ሆነ። ቴፔ በመቶ ሦስት ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ሞተሩ ጀርባ ላይ ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ ፍጥነት ማስተካከያ። በትንሿ ካቻቢቴ ፀጉር ታህል አዞርኩ፤ 104። አበዛሁት። መለስኩ፣ 98። በሰባተኛው ሙከራ 99.9 አገኘሁ። እዚያ ላይ ተውኩት።

ኅዳር 16፦ ገመድ፣ እምምታ፣ መብራት

የላፕቶፑን የማይክ ቀዳዳ ሞክሬ ነበር። ለማይክ የተሠራ ስለሆነ ከቴፕ የሚመጣው ድምፅ ይበዛበትና ይሰነጠቃል፤ ደግሞም አንድ ጎን ብቻ ነው የሚቀበል። ይህን የነቃሁት ሦስት ካሴት ከገለበጥኩ በኋላ ነው። የሦስቱም ፋይል ተሰረዘ። ስቱዲዮውን ከዘጋ ልጅ ያገለገለ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ በ5,200 ገዛሁ። ቀይና ነጩ ገመድ ቀጥታ ይገባል።

ቀጥሎ "እምምም" መጣ። 50 ኸርዝ፣ የመብራታችን ድምፅ። ገመድ ቀየርኩ፣ ማከፋፈያ ቀየርኩ። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው ጠፋ። ባትሪው አንድ ሰዓት ከሩብ ይይዛል። የ90 ደቂቃ ካሴት አንድ ጎን 45 ደቂቃ ስለሆነ ይበቃል፣ በየመሐሉ ቻርጅ እያደረግኩ።

መብራት ሲጠፋ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ቴፑ ቀጥ ይላል፣ ቁልፉ ግን እንደተጫነ ይቀራል። ጥቁሯ ጎማ ክሩን ዘንጉ ላይ እንደጨመቀች ነው። እንዲያ ቆይታ ካደረች ጎማዋ ትጎደጉድና ክሩ ይታጠፋል። አንድ ማታ እንቅልፍ ወስዶኝ ጠዋት ላይ እንዲያ አገኘኋት። አሁን መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ሻማው ሳይሆን ወደ ቴፑ ነው።

አቀዳድ፦ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ ፋይል። ኢያሳ የሚባለው የድምፅ መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበር ቢያንስ ይህን ያህል ይላል። የ60 ደቂቃ ካሴት አንድ ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ድምፁን ከፍተኛው ቦታ ላይ ከዜሮ 10 ዴሲቤል ዝቅ አድርጌ ነው የምይዘው። ዜሮን ከነካ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ አይመለስም።

ታኅሣሥ፦ ሻጋታ፣ ኩቴክስ፣ ስሜንት

አራት ካሴቶች የክራቸው ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር አለ። የድሮው ቤት ጭቃ ነበር፣ ካርቶኑም ወለል ላይ ስንት ክረምት አሳልፏል። ሻጋታ ነው። ቴፑ ውስጥ ቢገቡ ሄዱን በክለው ለሌሎቹም ያዳርሳሉ። ማስክ አድርጌ በረንዳ ላይ በጥጥ ጠረግኳቸው። እዚህ ሰፈር ግን በረንዳ ላይ ሌላ ጠላት አለ። ፊት ለፊት ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ የስሜንት ብናኝ ይነሳል። ሻጋታውን አስወግጄ ስሜንት ልጨምርበት? ሥራውን ወደ እሑድ ጠዋት አዛወርኩ፣ ሠራተኞቹ ሳይኖሩ።

የሠርጉ ካሴት ቤቱ ተሰንጥቋል። ከሙዚቃዎቹ አንዱን ሠዋሁ። በብሎን የታሰረ ካሴት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ አምስት ብሎን ፈትቶ ክሩን ከነመጠምጠሚያው ማዛወር። በሙጫ የተዘጋ ከሆነ በቢላዋ ነው። ሄዱ ላይ ክሩን የምትጫነዋ ትንሿ ስፖንጅ ብዙዎቹ ላይ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃለች። ከሟቹ ካሴት ነቅዬ ተከልኩ።

የሠርጉ ክር መሐል ላይ ደግሞ ቀይ ነጠብጣብ አገኘሁ። ምን እንደሆነ ገብቶኝ ሳቅኩ። ክሩ ተበጥሶ በኩቴክስ ተጣብቋል። "እኔ ነኝ" አለች እማዬ፣ "ቴፑ በላው፤ አባትህ ሳያውቅ።" ኩቴክሷ ይዛለች። በቃ አልነካትም፣ አልፋ ትሂድ። ስታልፍ ግማሽ ሰከንድ ትጠፋለች፤ እልልታው መሐል ስለሆነ ብዙ አይታወቅም።

ጥር 14፦ የአክስቴ ደብዳቤና ያበላሸሁት

የጅዳው ደብዳቤ የመጀመሪያው 11 ደቂቃ ሰላምታ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ሰው በስሙ፣ ከዚያ ጎረቤቱን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ላም። ከኋላ ወጥ የሆነ "ሁሁሁ" አለ። ኦዳሲቲ ላይ ጫጫታ መቀነሻ አለ፤ ጫጫታው ብቻውን ያለበትን ቦታ ታሳየዋለህ፣ እሱን ከሁሉም ላይ ያወጣልሃል። ደስ ብሎኝ ጨከንኩበት። ድምፁ ጸዳ። አክስቴ ግን ከቧንቧ ውስጥ የምታወራ ሆነች፣ "ሰ"ዎቿ ሁሉ ይንቆረቆራሉ።

ለእማዬ አሰማኋት። "ኤሲው የት ሄደ?" አለችኝ። "ሁልጊዜ እኮ ኤሲው ሥር ቁጭ ብላ ነበር የምትቀዳው። ከሙቀቱ የተነሳ።"

ዋናውን ፋይል አልነካሁትም ነበር፤ እድሜ ለዚያ። ከእንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። ከካሴቱ የመጣው ዌቭ ሳይነካ ይቀመጣል። የማስተካክለው ቅጂውን ብቻ። ጫጫታውም ይቅር።

ወረቀት ከተጠቀጠቀባቸው አራቱ ሦስቱ ላይ ከሬዲዮ የተቀዳ ዘፈን ነው ያለው። አራተኛው ላይ በሁለት ዘፈን መሐል 40 ሰከንድ የአባዬ ድምፅ አለ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይቀዳል? ኧረ አይቀዳም መሰለኝ።" ይቀዳል፣ አባዬ።

የካቲት 20፦ አባባ

እስካሁን ያቆየሁት እጄ እስኪፈታ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት፣ ክሩ ንጹሕ ነው። ማዕዘኑ ቶሎ ተገኘ። አባባ ዘር እየቆጠረ ነው፣ እስከ ሰባት ቤት። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን የት መሬት ነበረው። ጎን አንድ ግሩም ነው። ጎን ሁለት ወደ መጨረሻው ሲሄድ ግን ድምፁ እየቀጠነ፣ እየፈጠነ ይሄድና ሽማግሌው ሕፃን ይሆናል።

ቴፔን መረመርኩ፤ 99.9። ችግሩ ከቴፔ አይደለም፣ ሲቀዳ ነው። አጎቴ ጋ ደወልኩ። "መብራት የት ነበርና? በድንጋይ ነው የቀዳነው" አለኝ። ድንጋዩስ አዲስ ነበር? "አዲስ አልተገኘም። ያለውን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።"

ተገኘ። የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል። ክሩ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ብዙ ንግግር በትንሽ ክር ላይ ይታጨቃል። እኔ በትክክለኛው ፍጥነት ሳጫውተው ይሮጣል። ማዘግየት ነው መፍትሔው፤ ግን በስንት? መብራት ባለበት ቤት ቢቀዳ ኖሮ የ50 ኸርዝ እምምታው መለኪያ ይሆነኝ ነበር። ያኔ ስንት ቀን ስታገለው የከረምኩት እምምታ አሁን ናፈቀኝ።

መጋቢት 2፦ ደወሉ

ደጋግሜ ስሰማ ከአባባ ጀርባ ደወል ሰማሁ። ጎን አንድ ሲጀምር አንዴ፣ ጎን ሁለት ሊያልቅ ሲል አንዴ። ሁዳዴ ነበር፤ ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ያው ደወል በሁለት ጊዜ ሁለት ቃና ሊኖረው አይችልም! ኦዳሲቲ ላይ የድምፁን ስፔክትረም፣ የትኛው ቃና ምን ያህል እንደሚጎላ የሚያሳየውን ሥዕል፣ አወጣሁ። መጀመሪያ ላይ 848 ኸርዝ፣ መጨረሻ ላይ 941። ደወሉ ዛሬም ካለ እውነተኛው ቃናው ይታወቃል።

አገር ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ ደወሉን በስልክ ቀድቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አወጣሁት። 412 ኸርዝ። ምንም አይገናኝም። አባባ በእጥፍ ፈጥኖ አያወራም መቼም። ሁለት ቀን ራሴን ስጠራጠር ከርሜ ደወልኩለት። "አዲሱን ነው የቀዳሁልህ፣ የብረቱን" አለኝ። ቄሰ ገበዙን ሲጠይቃቸው በ81 የነበረው የድንጋይ ደወል ነው። አሁንም ከእንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ። እሳቸው ራሳቸው መቱለት።

840 ኸርዝ። ድንጋይ አያረጅም።

በአንዱ ድንጋይ የተበላሸውን በሌላው ድንጋይ ላስተካክለው ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። መጀመሪያው ላይ 840ን ለ848 ሳካፍል 99.1 በመቶ ፍጥነት። መጨረሻው ላይ 840 ለ941፣ 89.3 በመቶ። ኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነትን ቀስ በቀስ የሚቀይር የጊዜ ትራክ አለ። ከ99.1 እስከ 89.3 ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ጨረስኩ ብዬ ቡና አስፈላሁ።

መጋቢት 5፦ እማዬ ሰማች

ጎን አንድ መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ ሰማች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ጎን ሁለት ሲጀምር ቅንድቧ ተሰበሰበ። "እንቅልፍ ይዞታል እንዴ? አባባ እንደዚህ አይጎተትም።"

እሷ ልክ ናት፣ መስመሬ ስህተት ነው። ድንጋይ ቀጥ ባለ መስመር አይደክምም። ለረጅም ጊዜ ይታገልና መጨረሻ ላይ በአንዴ ይወድቃል። በዚያ ላይ ካሴቱን ሲገለብጡ ቴፑ አርፏል፤ ያረፈ ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ሦስተኛ ነጥብ ያስፈልገኛል።

ቃናውን ከደቂቃ ደቂቃ በሥዕል የሚያሳየውን ስፔክትሮግራም ከፍቼ የደወሉን መስመር በዓይኔ ፈለግኩ። ጎን ሁለት፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ አባባ እየተናገረ ሳለ ከድምፁ ሥር ቀጭን አግዳሚ መስመር አለ። በጆሮ አልሰማሁትም ነበር። ሁለተኛው ደወል ነው። 857 ኸርዝ። ስለዚህ እዚያ ቦታ 98 በመቶ መሆን ነበረበት፤ የኔ መስመር ግን 94 አድርጎታል። እንቅልፉ እሱ ነው።

አዲሱ አሠራር፦ ጎን አንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 99። ጎን ሁለት ከ98 ተነስቶ እስከ አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ብዙም ሳይወርድ ይሄዳል። ከዚያ ቁልቁል ወደ 89.3። የቁልቁለቱን ቅርፅ የሚነግረኝ ደወል የለም። እማዬን አጠገቤ አስቀመጥኳት። "ትንሽ ፈጠነ።" ነጥቧን አወረድኩ። "አሁን ጎተተ።" መለስኩ። አንድ ምሽት ሙሉ እንዲያ ሠራን። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ደቂቃዎች አልዳኑም፣ ክሩ ራሱ ይንቀጠቀጣል። እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

መጋቢት 12፦ የወጪ ሒሳብና ማስቀመጫ

የዩኤስቢዋ መጫወቻ 2,800፣ ቴፑ 4,500፣ ሳውንድ ካርዱ 5,200፣ ቺንጊያ 300፣ አልኮል 450፣ ጥጥና ማስክ 200፣ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ 8,500። ድምር 21,950 ብር፣ ታክሲና ሶፋው ሳይቆጠሩ። አሁን ብጀምረው የመጀመሪያዋን 2,800 አተርፍ ነበር።

አሥሩ የቤተሰብ ካሴቶች አልቀዋል። ያልተነካው ዌቭ ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፣ ሁለተኛ ቅጂው አጎቴ ቤት። ለዘመድ በቴሌግራም የምልከው ኤምፒ3 ነው። የፋይል ስም ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይቀድማል፣ ከዚያ የሰው ስም፣ ከዚያ ጎኑ፣ መጨረሻ ላይ "ጥሬ" ወይም "የተስተካከለ"። ያልተጻፈበት ካሴት ባዶ ነው። ሁለቱንም ጎን እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ባዶ ነው።

ትናንት የአባባን የተስተካከለውን ከዳር እስከ ዳር አስደመጥኳት። በትክክለኛው ፍጥነት ከ61 ደቂቃ በላይ ሆኗል። ጎን ሁለት 14ኛው ደቂቃ ላይ "አቁመው" አለችኝ። ልቤ ደነገጠ፤ አሁንም ፈጠነ ልትል ነው ብዬ።

"ፍጥነቱ ልክ ነው" አለች። "ግን አምስተኛው ላይ አንድ ሰው ዘለለ። እናቱን አልቆጠረም።"

ስልኬን አስጠጋሁላትና ራሷ ቆጠረች፣ እስከ ሰባት ቤት፣ ስድስት ደቂቃ። ፋይሉ ከአባባ ቀጥሎ ተቀምጧል፦ "2017፣ እማዬ፣ እርማት፣ ጥሬ"።